የካሜራችሁ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

(እሁድ ጠዋት በኮንዶሚኒየማችን የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጡ ጎረቤቶች ስለጠየቁኝ ከሞላ ጎደል እንዳለ ጻፍኩት።)

እንደምን አደራችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ። ኋላ ያላችሁ ይሰማል? ማይኩ ትንሽ ይጮሃል መሰለኝ ዝቅ አድርጉልኝ... እሺ፣ አሁን ጥሩ ነው። መጀመሪያ ኮሚቴውን አመሰግናለሁ፣ የውሃ ታንከሩና የጥበቃ ደመወዙ አጀንዳ እያለ ለኔ ግማሽ ሰዓት ሰጥቶኛል፣ ጊዜያችሁን አላባክንም።

አብዛኞቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ለማታውቁኝ እዚሁ ብሎክ 9 ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ካሜራ መግጠም ነው፣ 12 ዓመት ሆነኝ። አሁን ለግቢው በር፣ ለፓርኪንጉና ለየደረጃው 16 ካሜራ ሊገጠም ገንዘብ እየተዋጣ ነው፣ ከዛ ውጪ ደግሞ በየቤታችን የገዛናት ትንሿ የዋይፋይ ካሜራ አለች። እስቲ ቤቱ ካሜራ ያለው እጁን ያውጣ። ... ከግማሽ በላይ ናችሁ። እጃችሁን አታውርዱ። አሁን የካሜራዬን ፓስዎርድ ያወጣሁት እኔ ራሴ ነኝ፣ ከኔ ሌላ ማን እንደሚያየውም አውቃለሁ የምትሉ ብቻ አቆዩ፣ ሌሎቻችሁ አውርዱ። ... አያችሁ? ሰባት ሰው ቀረ። ሰባት!

ታዲያ እጃችሁን ያወረዳችሁት፣ የቤታችሁ ካሜራ ቁልፍ ማን ጋ ነው? ዛሬ ይዤ የመጣሁት ይሄን አንድ ጥያቄ ነው፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው? ሌላው የምናገረው ሁሉ የዚህ ማብራሪያ ነው።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። አንዲት እህት ከዱባይ ደወለችልኝ። እዛ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች፣ እናቷ እዚህ ቤት ተከራይታላቸው ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ስኳር አለባቸው፣ እና ከሥራ ወጥታ በስልኳ እንድታያቸው ብላ ያቺን አንገቷ የሚዞረውን ካሜራ አስገዝታ ሳሎን አስቀመጠችላቸው። «ወንድሜ፣ ካሜራው ጨርቅ ተደርጎበታል፣ እማዬን ስጠይቃት ትቆጣኛለች፣ እባክህ ሂድልኝ» አለችኝ። ሄድኩ። እውነትም እማማ ነጠላቸውን ካሜራዋ ላይ ጣል አድርገውበታል፣ ጥለቱ በቡፌው ላይ ተንጠልጥሏል። «ምነው እማማ?» አልኳቸው። «ሌሊት ይዞራል» አሉኝ። «ልጄ እንቅልፍ ላይ ናት፣ እኔ ለጸሎት ተነስቼ ቆሜ እያለሁ ይዞርና ያየኛል። ብነግራቸው አርጅታ ነው አሉኝ።»

ልብ በሉ፣ አርጅታ ነው ተብለዋል። ማንም አላመናቸውም።

እኔም እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ብልሽት መሰለኝ። የሪሴቷን ቀዳዳ በመርፌ ተጭኜ እንደ አዲስ በልጅቷ ስልክ ላስገባው ብል አፑ እምቢ አለ፣ ይሄ ካሜራ በሌላ አካውንት የተያዘ ነው ብሎ የማናውቀውን ኢሜይል ግማሹን በኮከብ ሸፍኖ አሳየን። የማን ኢሜይል ነው? ካሜራውን የሸጠላቸውና መጥቶ ያስገባላቸው ልጅ ኢሜይል! ልጅቷ ዘጠኝ ዓመት በሰው አገር ደክማ በገዛ ገንዘቧ በገዛችው ካሜራ የእናቷን ሳሎን የምታየው ሼር ተደርጎላት ነው፣ እንግዳ ናት። ባለቤቱ ሻጩ ነው። ልጁን ደውዬ ጠራሁት፣ መጣ፣ ካሜራዋን ከሱ አካውንት እንዲያጠፋ ስልኩን ሲከፍት አጠገቡ ቆሜ ነበር። በትንንሽ ካሬ ካሬ የተደረደረ ቤት በቤት ላይ። ሲያንሸራትት አያልቅም። ሳሎን፣ የጸጉር ቤት፣ ኮሪደር፣ የሕፃን አልጋ፣ ደግሞ ሳሎን። የሸጠላቸው ሰዎች ሁሉ ቤት ኪሱ ውስጥ ነው። «እኔ አላየሁም፣ ስልኩ ሱቅ ቻርጅ ላይ ሲሆን ልጆቹ ነካክተውት ይሆናል» አለ። ልጆቹ! የሰው እናት ጸሎት ላይ ቆማ ልጆቹ ይነካኩታል።

በዛው ቀን ከአካውንቱ አጠፋው፣ ልጅቷ በቪዲዮ ኮል ላይ ሆና ራሷ ኢሜይሏን፣ ራሷ ፓስዎርዷን አስገባች፣ እኔ ፊቴን አዙሬ ነው የቆምኩት። እማማ ነጠላቸውን አነሱ፣ አጣጠፉት፣ «ሌሊት ግን ወደ ግድግዳ ይዙር» አሉ። ትክክል ናቸው፣ አሁንም ሌሊት ወደ ግድግዳ ነው የሚዞረው።

ይሄ እዚህ ብቻ የሚሆን ነገር አይምሰላችሁ። አሜሪካ ቴክሳስ ውስጥ ኤዲቲ የሚባል ትልቅ የቤት ጥበቃ ካምፓኒ ቴክኒሻን ነበር፣ ቤት ሲገባ ካሜራውን ይገጥምና የራሱን ኢሜይል ደንበኛው አካውንት ላይ ይጨምራል። ከ200 በላይ ቤቶችን፣ ከ9,600 ጊዜ በላይ፣ ከአራት ዓመት በላይ ሲያይ ኖረ! እ.ኤ.አ. በ2021 52 ወር ተፈረደበት። ሃከር ሲባል ኮፍያ ደፍቶ ጨለማ ክፍል የተቀመጠ ሰው ነው የሚታያችሁ አይደል? ብዙ ጊዜ ግን ቡና አፍልታችሁ ያስተናገዳችሁት ሰው ነው። ይሄን የምለው ስለ ራሴ ሙያ ነው፣ ደስ እያለኝ አይደለም።

ስለዚህ አንደኛ ነጥብ። ዛሬ ቤት ስትገቡ አፑን ክፈቱ፣ ዲቫይሱ በማን አካውንት ነው የተመዘገበው? ሼርድ የሚል ጽሑፍ ካያችሁ ባለቤቱ እናንተ አይደላችሁም። ሪሴት ብቻውን አይበቃም፣ ብዙዎቹ ካሜራዎች የመጀመሪያው ሰው ከአካውንቱ ካላጠፋው ለሌላ ሰው አይመዘገቡም፣ ስለዚህ ስትገዙ ያኔውኑ ሻጩ ፊት በራሳችሁ ስልክ፣ በራሳችሁ ኢሜይል አስመዝግቡ። «ስጠኝ እኔ ልሥራልሽ፣ አንቺ አትችይውም» ሲላችሁ ስልካችሁን አትስጡ፣ እያሳያችሁ እናንተ ንኩት። ሼር ያደረጋችሁላቸውንም እዩ፣ የተፋታ አለ፣ የተጣላ አለ፣ ከሥራ የወጣ ሠራተኛ አለ፣ ሁሉም ዛሬም ያያል። ካሜራውን ስትሸጡት ወይ ለዘመድ ስትሰጡትም መጀመሪያ ከአካውንታችሁ አጥፉ፣ ሜሞሪ ካርዱን አውጡ፣ የሰው ቤት ውስጥ ያላችሁ ሰው አትሁኑ።

ሁለተኛ፣ ፓስዎርድ።

አንድ ግሮሰሪ ገባሁ፣ ሲስተሙን ላይለት ተጠርቼ ነው፣ ዲቪአሩ፣ ማለት የካሜራዎቹን ምስል የሚቀርጸው ሳጥን፣ ከባንኮኒው ሥር ከዘይት ጀሪካኖቹ ጀርባ ነው፣ አቧራውን ጠርጌ ሳየው ላዩ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ በትልቁ ተጽፏል፣ አድሚን፣ 12345። እኔ ሳልጠይቅ! ያ ፓስዎርድ ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ነው፣ ሃይክቪዥንና ዳህዋ የሚባሉ የካሜራ ካምፓኒዎች አሉ፣ አሮጌዎቹ የሃይክቪዥን ዕቃዎች 12345 ይዘው ነበር የሚመጡት፣ የዳህዋዎቹ ዩዘሩም ፓስዎርዱም አድሚን። አዳዲሶቹ ገና ሲከፈቱ የራስህን አውጣ ብለው ያስገድዳሉ፣ ጥሩ ነው፣ ግን ቴክኒሻኑ ምን ያወጣል? አድሚን123፣ ወይ የባለቤቱን ስልክ ቁጥር፣ ስልክ ቁጥሩ ደግሞ የሱቁ ታፔላ ላይ ተጽፏል።

«የኔን ግሮሰሪ ማን ያየዋል፣ ምን አለውና» ይላሉ ሰዎች። እስቲ ይሄን ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የሚባል ቫይረስ ተለቀቀ፣ የሠሩት በሃያዎቹ መጀመሪያ ያሉ ሦስት የአሜሪካ ወጣቶች ናቸው፣ በኋላ ፍርድ ቤት ቀርበው አምነዋል። ይሄ ቫይረስ የተራቀቀ ነገር አልነበረም፣ ኢንተርኔት ላይ ዞሮ ዞሮ ካሜራ፣ ዲቪአርና ራውተር ይፈልጋል፣ ሲያገኝ 60 የሚሆኑ የፋብሪካ ፓስዎርዶችን ብቻ ይሞክራል፣ አድሚን አድሚን፣ ሩት 12345፣ እንደዛ እያለ። አለቀ። በዚህ ብቻ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዕቃ ያዘ። ከዛ ኮዱ ለሕዝብ ተለቀቀ፣ እዛው ዓመት ኦክቶበር 21 ቀን እነዚህ የተያዙ ካሜራዎች በአንዴ ዳይን የሚባለውን፣ የድረ ገጾችን አድራሻ የሚያመላክተውን ካምፓኒ አጥለቀለቁት፣ ትዊተር፣ ኔትፍሊክስ፣ ስፖቲፋይ አሜሪካ ውስጥ ለሰዓታት ተቋረጡ። የማን ካሜራ ነው ይሄን ያደረገው? የግሮሰሪ ካሜራ! የሰው ሳሎን ካሜራ! ባለቤቶቹ ምንም አላወቁም፣ ኢንተርኔቱ ዛሬ ቀርፋፋ ነው ብለው ነው ያለፉት። እና ካሜራውን አጥፍተህ ብታበራው ቫይረሱ ይጠፋል፣ ምክንያቱም ሜሞሪ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው፣ ግን ፓስዎርዱን ካልቀየርከው በደቂቃዎች ውስጥ ተመልሶ ይገባል።

ስለዚህ ማንም ስለናንተ ግድ ባይኖረው እንኳ ማሽን ነው የሚፈልጋችሁ፣ ማሽን ደግሞ አይደክመውም። እንግሊዝ አገር ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ እንደዛ ለሁሉም አንድ ዓይነት ፓስዎርድ ያለው ዕቃ መሸጥ በሕግ ተከልክሏል። እኛ ጋ እስኪመጣ አንጠብቅ። አማርኛ የሆነ ረጅም ነገር ምረጡ፣ አራት የማይገናኙ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉ፣ ለምሳሌ ድስት፣ ባቡር፣ ሐሙስ፣ ብርቱካን፣ እነዚህን አሁን አትጠቀሙ ተናግሬያቸዋለሁ! የባንክ፣ የቴሌግራም፣ የካሜራ ፓስዎርድ አንድ አይሁን። ደብተር ላይ ጽፋችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ ብትቆልፉት ምንም ነውር የለውም፣ ዲቪአሩ ላይ ግን አትለጥፉት። አፑ ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለት በኤስኤምኤስ ወይ በኢሜይል ኮድ የሚልከው ካለው አብሩት። የራውተሩን ፓስዎርድም እንዲሁ፣ ካሜራው የሚያልፈው በሱ ነው።

እዚህ ጋ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፣ ሳልናገር ብቀር ሌላውን የመናገር መብት የለኝም። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ለምገጥምላቸው ደንበኞች ሁሉ አንድ ፓስዎርድ ነበር የማወጣው። አንድ! ሱቅ፣ መጋዘን፣ ክሊኒክ፣ መኖሪያ ቤት፣ ሁሉም አንድ። ለምን? ደንበኛ ይረሳል፣ ይደውላል፣ በቀላሉ በስልክ ለመርዳት። በጎ ሐሳብ ነበር። ከዛ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ልጅ ሥራ ለቀቀ፣ በሰላም ነው የተለያየነው፣ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ግን የዛን ቀን ማታ ተኝቼ ሳስብ ይሄ ልጅ ከ80 በላይ ቤት ቁልፍ ይዞ ነው የሄደው አልኩ። እሱ መልካም ልጅ ነው፣ ነገ ስልኩ ቢሰረቅስ? ለጓደኛው ቢነግረውስ? እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሁለት ወር ሙሉ በየደንበኛው በር ዞርኩ፣ በነፃ፣ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ ራሳቸው እንዲቀይሩ አደረግኩ። መርካቶ ያሉ አንድ ጋሼ፣ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው፣ «እኔ እኮ ያመንኩት አንተን ነው፣ ካሜራውንማ መች አወቅኩት» አሉኝ። ይሄ ንግግር እስከ ዛሬ ይከብደኛል። ስለዚህ የማንኛውም ቴክኒሻን፣ የኔንም ጨምሮ፣ ሥራው ሲያልቅ የመጨረሻው ነገር ባለቤቱ ፓስዎርዱን መቀየሩ መሆን አለበት። እሱ ቅር ካለው ሌላ ቴክኒሻን ፈልጉ።

ሦስተኛ፣ ይሄኛው ትንሽ ቴክኒካል ነው ታገሱኝ። ካሜራውን ከውጭ በስልክ ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ በአፑ በኩል ነው፣ በአካውንታችሁ። ሌላው የድሮው መንገድ፣ ቴክኒሻኑ ራውተራችሁ ውስጥ ገብቶ ፖርት ይከፍታል፣ 80፣ 554፣ 8000፣ እንደዛ የሚሉ ቁጥሮች። ፖርት መክፈት ማለት አጥር ላይ በር መሥራት ነው፣ ለናንተ ብቻ አይደለም የሚከፈተው፣ ለዓለም ነው። ሾዳን የሚባል የፍለጋ ድረ ገጽ አለ፣ ጎግል ጽሑፍ እንደሚፈልገው እሱ ኢንተርኔት ላይ ክፍት የሆኑ ዕቃዎችን ይፈልጋል፣ የማንም አገር ካሜራ እዛ ይወጣል። አንዳንዴ ደግሞ ማንም ሳይከፍት ራውተሩ ራሱ ይከፍታል፣ ዩፒኤንፒ የሚባል ነገር በርቶ ከሆነ ካሜራው ክፈትልኝ ሲለው ዝም ብሎ ይከፍታል። ስለዚህ ቴክኒሻናችሁን ሁለት ነገር ጠይቁ፣ ፖርት ከፍተሃል ወይ? ዩፒኤንፒ ጠፍቷል ወይ? ከተንተባተበ ሌላ ሰው አምጥታችሁ አሳዩ። የግድ ከውጭ በቀጥታ መግባት የሚያስፈልገው ድርጅት ካለ በቪፒኤን፣ ማለት በተቆለፈ የግል መስመር፣ ይግባ። ራውተሩ የእንግዳ ዋይፋይ ካለው ካሜራውን በሱ ላይ አድርጉት፣ ስልካችሁና ኮምፒዩተራችሁ ካሉበት ይለይ።

አፕዴት የሚለውም እዚሁ ይካተት። ፓስዎርዳችሁ ምንም ያህል ቢረዝም ዕቃው ውስጥ ቀዳዳ ካለ ዋጋ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሃይክቪዥን ዕቃዎች ላይ ያለ ምንም ፓስዎርድ ሙሉ ለሙሉ መቆጣጠር የሚያስችል ክፍተት ተገኘ፣ ካምፓኒው በዛው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ማስተካከያውን አወጣ። አወጣ! ግን ማን ጫነው? እኔ እስከ ዛሬ ለጥገና ስጠራ ከዛ በፊት ያለውን ሶፍትዌር ይዞ የተቀመጠ አገኛለሁ፣ የተገጠመ ቀን እንደነበረ ነው ያለው። አፑ ላይ አፕዴት የሚል ሲመጣ አትለፉት። ዲቪአር ከሆነ ግን ሞዴሉን በትክክል አይቶ ከካምፓኒው ድረ ገጽ ላይ ነው የሚወረደው፣ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠራ ዕቃ ተሸጦላችሁ ከሆነ የእንግሊዝኛውን ስትጭኑበት ሊሞት ይችላል፣ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ይሥራው። እና እባካችሁ መሀል ላይ መብራት እንዳይሄድባችሁ፣ ዩፒኤስ ላይ፣ ማለት መብራት ሲሄድ በሚይዘው ባትሪ ላይ፣ አድርጉት፣ እኔ በመብራት ምክንያት የሞተ ዲቪአር ተሸክሜ ለባለቤቱ ያስረዳሁበት ቀን አለ።

ተነክቶብኝ እንደሆነ በምን አውቃለሁ ብሎ ኋላ ያለው ወንድሜ ጠይቆኝ ነበር። ሳትነኩት የሚዞር ከሆነ፣ ስፒከሩ ድምፅ ካወጣ፣ የማታውቁት ዩዘር ከተጨመረ፣ ፓስዎርዱ እምቢ ካለ፣ የኢንተርኔት ፓኬጁ ያለ ምክንያት ካለቀ። ዲቪአሩ ሎግ የሚባል መዝገብ አለው፣ ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ሞክሮ እንደተሳሳተ ይጽፋል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ መቶ ጊዜ የተሞከረ አይቻለሁ። በወር አንዴ ተመልከቱት፣ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ውሻ አንሁን። የባሰ ነገር ካያችሁ የኢንተርኔት ገመዱን ንቀሉ፣ ሎጉን ፎቶ አንሱ፣ ከዛ ነው ሪሴት፣ መጀመሪያ ሪሴት ካደረጋችሁ ማስረጃው ይጠፋል። ደግሞ ያለ ፈቃድ የሰው ሲስተም ውስጥ መግባት ወንጀል ነው፣ የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እስከ 3 ዓመት እስራት ያስቀምጣል፣ ፖሊስ ጋ መሄድ ትችላላችሁ።

አሁን ልናገረው የፈለግኩት ነገር፣ ነጥብ ብዬ አልቆጠርኩትም ግን ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል። ካሜራው የት ነው የተቀመጠው? ልክ ነው፣ ልጅ አለን፣ ሠራተኛ አለን፣ ሥራ እንውላለን። ግን አንዳንድ ቤት ስገባ ሠራተኛዋ የምትተኛበት ቦታ ላይ ካሜራ ግጠም ይሉኛል። አልገጥምም። ልጅቷ ልብሷን የት ትቀይር? ያ ምስል ደግሞ እናንተ ጋ ብቻ እንደማይቀር አሁን ነገርኳችሁ፣ ካርዱ ይሰረቃል፣ አካውንቱ ይከፈታል፣ የሻጩ ልጆች ይነካኩታል። የሰው ልጅ ናት፣ እናቷ አምና ነው የላከቻት። መኝታ ቤት፣ መታጠቢያ ቤት፣ ልብስ የሚቀየርበት ቦታ ካሜራ አይገባም፣ የራሳችሁም ቢሆን። ሳሎን ካለም ቤት ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወቅ። ማንም ሊሰርቀው የማይችለው ምስል ያልተቀረጸው ብቻ ነው።

ወደ ግቢያችን ልመለስ፣ ሰዓቱም አለቀ። ለ16ቱ ካሜራ ኮሚቴውን የምለምነው ይሄን ነው። የአድሚን ፓስዎርዱ በሁለት ሰው ይያዝ፣ ግማሹን ሊቀመንበሩ ግማሹን ሒሳብ ያዥዋ፣ አንዱ ብቻውን እንዳይገባ። ለጥበቃዎቹ የራሳቸው ዩዘር ይከፈትላቸው፣ ቀጥታውን ብቻ የሚያይ፣ ማጥፋትም መገልበጥም የማይችል። ኮሚቴ በተቀየረ ቁጥር ፓስዎርዱ ይቀየር፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይጻፍ። ቅጂ ስንት ቀን እንደሚቆይ እናንተ ወስኑ፣ እኔ 15 ቀን ይበቃል ባይ ነኝ። ሞኒተሩ በጥበቃ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት አይቀመጥ፣ አላፊ አግዳሚው ማን ስንት ሰዓት እንደገባ ቆሞ እንዳያይ። የደረጃው ካሜራ በሩ ሲከፈት የሰው ሳሎን ውስጥ የሚገባ ከሆነ አቅጣጫው ይስተካከል፣ ብሎክ 4 ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ፣ በራችሁ ያለበት ጥግ በፕላኑ ላይ እንደዛ ነው፣ ለኮሚቴው ነግሬያለሁ። እኔ ራሴ ጨረታው ላይ አልገባም፣ እዚህ ቆሜ ይሄን ተናግሬ መግባት አልችልም፣ የገጠመውን ሰው ሥራ ግን በነፃ አያለሁ።

ከስብሰባው በኋላ እዛ ዛፉ ሥር ጠረጴዛ አውጥቼ እስከ 7 ሰዓት እቀመጣለሁ። ስልካችሁንና የካሜራውን ካርቶን ይዛችሁ ኑ፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ስቲከር ኮድ ስላለው ሜዳ ላይ አትጣሉት። ፓስዎርዳችሁን አትንገሩኝ፣ እናንተ ትጽፋላችሁ እኔ ዞር እላለሁ። አሮጊቶች እናቶች ይቅደሙ፣ ልጃቸው ውጭ አገር ያለች ደግሞ በቪዲዮ ይደውሉላት፣ አብራን ትሥራው። እሺ ጋሼ፣ ማይኩን ይቀበሉኝ።